የበፈሩን መጠን ጠይቆ ጊዜውን የረሳ በይነገጽ፦ ከባሕር ዳር የአንድ ሀስኬል ሶኬት ላይብረሪ የጉዳይ ጥናት

ከጣና ዙሪያ የውሃ ከፍታ ልኬት የሚሰበስበው ሰርቨር ግንኙነት መቀበል ያቆመው ሥራ በጀመረ በሦስተኛው ሳምንት ነው። ፕሮሰሱ አልሞተም። ማሽኑ «አለህ ወይ» ለሚለው ፒንግ ይመልሳል (ለፒንግ የሚመልሰው ከርነሉ፣ ማለትም የሥርዓተ ክወናው እምብርት፣ እንጂ ፕሮግራሙ ስላልሆነ ይህ ምንም አያረጋግጥም)። ሜሞሪው ከመጀመሪያው ቀን እምብዛም አልጨመረም፤ ፕሮሰሰሩም ሥራ ፈትቷል። ነገር ግን በጣና ዙሪያ ካሉት 12 የውሃ ከፍታ መለኪያ ጣቢያዎች አንዱም መግባት አልቻለም። በሎጉ ላይ የቀረችው የመጨረሻ መስመር ክፍት ፋይሎች ከልክ በላይ መብዛታቸውን የምትናገረው የሊኑክስ ስህተት ነበረች።

ነገሩ የክፍት ፋይሎቹን ጣሪያ ከ1024 ከፍ በማድረግ ሊታለፍ ይችል ነበር። ያ ግን ሦስቱን ሳምንት ስድስት ማድረግ ብቻ ነው። ወደ ኋላ ሲጠና መነሻው ጣቢያዎቹም የሞባይል መስመሩም አልነበሩም። መነሻው ሰርቨሩ የተጻፈበት፣ በሀስኬል የፕሮግራም ቋንቋ የኔትወርክ ግንኙነትን (ሶኬትን) እንደ መረጃ ጅረት (ስትሪም) የሚያቀርብ ላይብረሪ ነው። ላይብረሪው 32 ፈንክሽኖች ለተጠቃሚ ያቀርብ ነበር። ከእነዚህ 12ቱ የበፈር (የጊዜያዊ መረጃ ማቆያ) መጠን ይጠይቃሉ። «ስንት ጊዜ ልጠብቅ?» ብሎ የሚጠይቅ ግን አንድም አልነበረም።

ሥርዓቱ

ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የተዘረጋ ሰፊ ሐይቅ ነው፤ ጥልቅ በሚባለው ቦታው እንኳ ወደ 15 ሜትር ቢጠጋ ነው። ደረጃው በክረምቱ ዝናብ ተነሥቶ በመስከረምና በጥቅምት ጫፍ ይደርሳል፤ በሰኔ መግቢያ ዝቅ ይላል። ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበት አፍ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በጨራ ጨራ በር ቁጥጥር ሥር ነው። እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ደግሞ የጣና በለስ ማመንጫ በዋሻ ውሃ ይወስዳል። ስለዚህ የሐይቁን ከፍታ በየሰዓቱ ማወቅ ለዕውቀት ያህል ብቻ የሚደረግ አይደለም።

እያንዳንዱ ጣቢያ በየ15 ደቂቃው አንድ ልኬት ይወስዳል፤ በቀን 96 ማለት ነው። ልኬቱ በሞባይል ኔትወርክ፣ በቲሲፒ (ባይቶችን በቅደም ተከተል በሚያደርስ የኢንተርኔት ስምምነት)፣ ባሕር ዳር ወዳለው ሰርቨር ይሄዳል። መልእክቱ በ2 ባይት የርዝመት ቁጥር ይጀምርና በዩቲኤፍ 8 (ፊደልን በባይት በሚወክል አጻጻፍ) የተጻፈ አካል ይከተላል። አካሉ የጣቢያውን ስም፣ ሰዓቱን፣ ከፍታውን በሚሊሜትር፣ አንዳንዴም የጣቢያው ጠባቂ በአማርኛ የጻፈውን ማስታወሻ ይይዛል፤ «እንቦጭ ዘንጉን ሸፍኖታል» የመሰለ። ሰርቨሩ መልእክቱን ሲቀበል አጭር ማረጋገጫ ይመልሳል። ግንኙነቱ አንዴ ከተከፈተ ሳይዘጋ ይቆያል።

መብራት ሲጠፋ መለኪያው በባትሪ ሥራውን ይቀጥላል፤ ሞደሙ ግን አብሮ ይጠፋል። መብራት ሲመለስ ሞደሙ እንደ አዲስ ይገናኝና የተጠራቀመውን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ያጎርፈዋል። ኋላ ላይ የታዩት ትልልቅ ስህተቶች ሁለቱም የሚቀሰቀሱት በዚህ ቅጽበት ነው፤ በተረጋጋ መብራት በቢሮ ውስጥ ሲሞከር ሁለቱም አይታዩም።

በር ከፍቶ የማይመጣ እንግዳ መጠበቅ

ሞደም መብራት ሲጠፋበት ደህና ሁን ብሎ አይሄድም። የቲሲፒ መዝጊያ ፓኬት ሳይልክ ይሰናበታል። ሰርቨሩ በበኩሉ የሚልከው ነገር ስለሌለ፣ ማለትም መረጃ እየጠበቀ ብቻ ስለሆነ፣ የወዲያኛው ወገን መሞቱን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ግንኙነቱ በከርነሉ ሰንጠረዥ ላይ «የቆመ» ተብሎ እንደተመዘገበ ይቀራል። ጣቢያው ሲመለስ በሌላ ፖርት አዲስ ግንኙነት ይከፍታል፤ አሮጌው ሬሳ አይነሣም።

12 ጣቢያዎች በክረምት እያንዳንዳቸው በቀን 4 ጊዜ ቢቋረጡ በቀን 48 የሞቱ ሶኬቶች ይጠራቀማሉ። ሊኑክስ እያንዳንዱን ሶኬት እንደ ክፍት ፋይል ይቆጥራል፤ የተለመደው የክፍት ፋይል ጣሪያም 1024 ነው። 1024 ለ48 ሲካፈል 21 ቀን ከጥቂት ሰዓት ይሰጣል። ሦስተኛው ሳምንት ከዚህ መጣ።

«ኪፕአላይቭ የት ሄደ?» የሚል ጥያቄ እዚህ ላይ ሁልጊዜ ይነሣል። የቲሲፒ ኪፕአላይቭ፣ ማለትም ዝም ያለው ወገን በሕይወት መኖሩን የሚመረምረው ዘዴ፣ ሶኬቱ ላይ ካልተከፈተ አይሠራም። ቢከፈትም የሊኑክስ መነሻ ቅንብር 7200 ሰከንድ ዝምታን ይጠብቃል፣ ከዚያ በየ75 ሰከንዱ 9 ጊዜ ይመረምራል፤ ሞቱን የሚያውጀው ከ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ በኋላ ነው። ያም ቢሆን ከዘላለም ይሻል ነበር። በአሮጌው በይነገጽ ግን ይህን አማራጭ ለማብራት ሶኬቱን በእጅ ከፍቶ፣ በእጅ አስሮ፣ በእጅ ማዳመጥ ማስጀመር ያስፈልጋል። ምቹዎቹ ፈንክሽኖች ሶኬቱን ደብቀውት ነበርና።

ሀስኬል ደግሞ በሽታውን በመሸፈን ረድቷል። የጂኤችሲ (የሀስኬል ኮምፓይለር) ትሬድ፣ ማለትም ከሌሎች ጎን ለጎን የሚሮጥ የሥራ ክር፣ ሲወለድ የሚሰጠው ስታክ 1 ኪሎባይት ያህል ብቻ ስለሆነ፣ አንድ ሺህ ትሬድ ተሰልፎ ቢጠብቅ ሜሞሪ ላይ አይታወቅም። በሌሎች ቋንቋዎች ከባድ ትሬዶች ቀድመው ያስጨንቁና ነገሩ በሳምንቱ ይጋለጣል። ትሬድ ለዘላለም ሲታገድ ራንታይሙ (ፕሮግራሙን የሚያስኬደው የሀስኬል ክፍል) የሚወረውረው ኤክሴፕሽንም (ሥራን የሚያቋርጥ የስህተት ምልክት) እዚህ አይደርስም፤ ሶኬት የሚጠብቅ ትሬድ በግብዓት አስተዳዳሪው ዘንድ ስለተመዘገበ በራንታይሙ ዓይን ተስፋ ያለው ነው።

ፕሮሰሱ ለምን አብሮ አልሞተም? ላይብረሪው ተቀባዩን ሉፕ በስውር በሌላ ትሬድ ያስነሣ ስለነበር ነው። ጣሪያው ሲሞላ የመቀበያ ጥሪው ኤክሴፕሽን ወረወረ፤ ያ ትሬድ አንድ መስመር ጽፎ ሞተ፤ ዋናው ትሬድ ምንም ሳይሰማ ቀጠለ። የወደቀ ፕሮሰስን መልሶ የሚያስነሣው የሊኑክስ ሲስተምዲም የሞተ ፕሮሰስ ስላላየ የሚያስነሣው አላገኘም።

32ቱ ፈንክሽኖች ከየት መጡ

ላይብረሪው በክፋት አልተንዛዛም፤ በደግነት ነው የተንዛዛው። ንባብ በሦስት ቅርጽ ቀረበ፦ በባይት፣ በቁራጭ፣ በጽሑፍ መስመር። እያንዳንዱ ደግሞ በሁለት መልክ፦ እንደ ተራ ስትሪምና ስትሪም እንደሚያመነጭ ዘር። እያንዳንዱ እንደገና በሁለት፦ የበፈር መጠን የሚጠይቅና የማይጠይቅ። ሦስት በሁለት በሁለት 12። ለመጻፍም ያው 12። ለሰርቨር መክፈቻ 6፣ ለደንበኛ 2። ድምሩ 32።

ይህ ዓይነቱ እድገት የዚህ ላይብረሪ ብቻ አይደለም። የሀስኬል የሶኬት ታሪክ ራሱ ደጋግሞ ሲጠራርግ የኖረ ነው። መሠረቱ የሆነው ኔትወርክ ፓኬጅ በ3.0 ስሪቱ በተራ የቁምፊ ዝርዝር የሚልኩና የሚቀበሉ ፈንክሽኖቹን አስወግዶ ባይትስትሪንግ (የባይቶች ቅደም ተከተል) ላይ ጸና፤ ከፍ ያለ ደረጃ የነበረውን አሮጌ ሞጁልም አብሮ ጣለ። ባይት የሚያጓጉዝ ነገር ጽሑፍ እንደሚያውቅ መምሰል የለበትም የሚለው ፍርድ ተገቢ ነበር፤ የእኛው ጉዳይም ወደዚያው ፍርድ ይመለሳል።

የ32ቱ ትልቁ ጉዳት ቁጥራቸው አይደለም። ሠላሳ ሁለት ስም አንድ ከሰዓት በኋላ ይጠናል። ጉዳቱ ተጠቃሚውን የማያውቀውን መጠየቃቸው፣ የሚያውቀውን ደግሞ አለመጠየቃቸው ነው። የቁንዝላን ጣቢያ መረጃ የሚቀበል ሰው በፈሩ 4 ኪሎባይት ይሁን 32 የሚወስንበት መሠረት የለውም፤ ላይብረሪው ራሱ 32,768 ብሎ ቢወስን ማንም አይጎዳም። ጣቢያው በየ15 ደቂቃው እንደሚናገር ግን ያ ሰው ብቻ ያውቃል። ላይብረሪው ይህን ሊገምተው አይችልም። ለአንዱ 20 ደቂቃ ዝምታ ሞት ነው፤ ለሌላው ተራ ምሳ ሰዓት ነው።

ሦስት ቁጥሮች፣ ሦስት መለኪያዎች

ጊዜን በውጭ ለመጨመር የሞከሩ ነበሩ፤ ውጤቱ ሌላ ጥፋት ሆነ። በሀስኬል መደበኛ ላይብረሪ ያለው የጊዜ ገደብ ፈንክሽን የሚቀበለው ተራ ኢንት (ሙሉ ቁጥር) ነው፤ መለኪያው ማይክሮሰከንድ። የኔትወርክ ፓኬጁ ሶኬትን በሥርዓት የሚዘጋው ፈንክሽንም ኢንት ይቀበላል፤ የእሱ መለኪያ ሚሊሰከንድ። የበፈር መጠንም ኢንት ነው፤ በባይት። ሦስቱ ቢለዋወጡ ኮምፓይለሩ ቃል አይተነፍስም። 30 ሰከንድ ለማለት 30 ተጽፎ 30 ማይክሮሰከንድ ሆኖ ያረፈበት ቦታ ኮዱ ውስጥ ተገኝቷል፤ ግንኙነቱ ገና ሳይተነፍስ ይቆረጥ ነበር፤ «መስመሩ ደካማ ነው» ተብሎም ታልፏል።

ይበልጥ የተሰወረው በዳርቻው ላይ እንደ ማስተላለፊያ የተቀመጠው ባለ 32 ቢት ቦርድ ላይ ነበር። በዚያ ማሽን ኢንት ከ2,147,483,647 አያልፍም፤ በማይክሮሰከንድ ሲቆጠር 35 ደቂቃ ከ47 ሰከንድ ነው። አንድ ሰዓት ለማለት 3,600,000,000 ሲጻፍ ቁጥሩ ዞሮ −694,967,296 ይሆናል። የጊዜ ገደብ ፈንክሽኑ ደግሞ ኔጌቲቭ ቁጥር ሲሰጠው ያለ ገደብ ጠብቅ ማለት ነው ብሎ ይረዳል። ገደብ የተጨመረበት ኮድ ገደብ የሌለው ሆኖ ይሮጣል፤ በባለ 64 ቢት ማሽን ላይ ሲሞከር ግን ፍጹም ትክክል ነው።

አዲሱ በይነገጽ

ዋናው ሞጁል ወደ አራት ፈንክሽኖች ወረደ። እንዲነበቡ በአማርኛ ሲጻፉ እንዲህ ናቸው (ከ«::» በኋላ ያለው የሚቀበሉትና የሚመልሱት ነው፤ «ቻናል» አንድ ክፍት ግንኙነት ነው)፦

አስተናግድ :: ውቅር → (ቻናል → አይኦ ()) → አይኦ ()
ተገናኝ :: ውቅር → (ቻናል → አይኦ ሀ) → አይኦ ሀ
ቁራጮች :: ቻናል → ስትሪም አይኦ ባይትስትሪንግ
ላክ :: ቻናል → [ባይትስትሪንግ] → አይኦ ()

(በነገራችን ላይ የፈንክሽኖቹ ስሞች በእውነተኛ ኮድም በግዕዝ ፊደል ሊጻፉ ይችላሉ። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ ስለሌለው ጂኤችሲ ሁሉንም እንደ ትንሽ ፊደል ይቆጥራል፤ የተለዋዋጭና የፈንክሽን ስም በትንሽ ፊደል ስለሚጀምር «ላክ» ያልፋል። የታይፕ ስም ግን በትልቅ ፊደል መጀመር ስላለበት «ቻናል» ብቻውን አያልፍም። ግማሹ አማርኛ ግማሹ እንግሊዝኛ ከሚሆን ተብሎ ሐሳቡ ተተወ። የተለዋዋጭ ታይፕ የሆነችው «ሀ» ግን ምንም ችግር የለባትም።)

ውቅሩ አድራሻ፣ ፖርት፣ የበፈር መጠን፣ የሶኬት አማራጮችና የመጠበቂያ ልክ ይይዛል። ከመጠበቂያው በስተቀር ሁሉም መነሻ ዋጋ አላቸው። ውቅር መሥሪያው ፈንክሽን የመጠበቂያውን ልክ እንደ ግቤት ይወስዳል፤ ሳይሰጡት ውቅር አይገኝም። የውቅሩን ሪከርድ (መስኮቹን የያዘውን መዋቅር) ተጠቃሚዎች በቀጥታ እንዲሠሩት መፍቀድም ታስቦ ነበር፤ ነገር ግን ጂኤችሲ ተራ መስክ ሲጎድል ማስጠንቀቂያ ብቻ ይሰጥና ፕሮግራሙ ሲሮጥ ይወድቃል። መስኩ ጥብቅ ተብሎ ከታወጀ መጉደሉ የኮምፓይል ስህተት ይሆናል። ሁለቱም ተደረጉ፦ መስኩ ጥብቅ ነው፣ ኮንስትራክተሩም (ሪከርዱን በቀጥታ የሚሠራው ስም) ተደብቋል።

የመጠበቂያው ልክ የራሱ ታይፕ አለው። ወይ በሰከንድ የተሰጠ ቁጥር ነው፣ ወይ «ያለገደብ» የሚል ቃል። ለዘላለም መጠበቅ አልተከለከለም፤ የሚፈልግ ግን በእጁ መጻፍ አለበት፣ ኮዱን የሚገመግመውም ያየዋል። ወደ ማይክሮሰከንድ የሚደረገው ቅየራ ዳር በሌለው ኢንቲጀር ተሰልቶ፣ በማሽኑ ኢንት የማይገባ ሲሆን ጥበቃው ተከፋፍሎ ይፈጸማል።

ለጣቢያዎቹ የተመረጠው 1200 ሰከንድ ነው፦ የ15 ደቂቃው ዙርና የ5 ደቂቃ ትዕግሥት። የዚህ ቁጥር ጥቅም በሒሳብ ይታያል። አንድ የሞተ ግንኙነት ከ20 ደቂቃ በላይ አይቆይም። 12ቱም ሞደሞች አብደው በየደቂቃው እየተቆረጡ ቢመለሱ እንኳ በአንድ ጊዜ ሊኖሩ የሚችሉት ሬሳዎች 240 ገደማ ናቸው፤ ከ1024 በጣም ያነሰ።

ልኩ በምን ላይ ይቆጠር የሚለው ከሁሉ ይበልጥ ያከራከረ ነው። በእያንዳንዱ የማንበቢያ ጥሪ ላይ ከተቆጠረ፣ በየ19 ደቂቃው አንድ ባይት የሚያንጠባጥብ የተበላሸ ሞደም ሰዓቱን እያደሰ ለዘላለም ይኖራል። ስለዚህ ልኩ የሚቆጠረው ከአንድ ሙሉ መልእክት መጨረሻ እስከ ቀጣዩ ሙሉ መልእክት መጨረሻ ነው፤ መልእክት በማይታወቅበት በጥሬው የቁራጭ ንባብ ላይ ብቻ በጥሪ ይቆጠራል። ልኩ ሲያልፍ ደግሞ ቻናሉ ይዘጋል፣ አይቀጥልም። ምክንያቱ ይህ ነው፦ የጊዜ ገደቡ የሚሠራው ለትሬዱ ኤክሴፕሽን በመወርወር ነው፤ ኤክሴፕሽኑ የርዝመቱ 2 ባይት ተነቦ አካሉ ገና ሳለ ቢደርስ፣ የተነበቡት ባይቶች ጠፍተዋል። በዚያው ቻናል የሚቀጥል አንባቢ የአካሉን መጀመሪያ እንደ ርዝመት ይቆጥረዋል። በግዕዝ ፊደል የሚጀምር አካል ከሆነ የመጀመሪያው ባይት 225 ነውና ርዝመቱ ከ57,600 በላይ ሆኖ ይነበባል፤ አንባቢው የማይመጡ ሃምሳ ሺህ ባይቶችን ሲጠብቅ ይኖራል።

«አስተናግድ» በጠሪው ትሬድ ላይ ይሮጣል፣ በስውር የሚያስነሣው ተቀባይ የለም። የመቀበያው ሉፕ ከወደቀ ጠሪው ይሰማል፣ ፕሮሰሱ ይሞታል፣ ሲስተምዲ ያስነሣዋል። ለእያንዳንዱ ግንኙነት የሚከፈተው ትሬድ ሶኬቱን ከመቀበል እስከ ማስረከብ ባለው ክፍተት ኤክሴፕሽን እንዳይገባበት ታግዶ ይነሣል፤ ሲያበቃም ሶኬቱ በሥርዓት ይዘጋል፣ ለዚያም 5000 ሚሊሰከንድ ይሰጠዋል። ዳግም ሲነሣ የቆየው አድራሻ እንዳይከለክለው አድራሻን መልሶ የመጠቀም አማራጭ ሁልጊዜ በርቷል፤ ያለዚያ በሊኑክስ የ60 ሰከንዱ የመሰናበቻ ጊዜ ሳያልፍ ፖርቱ አይያዝም።

የተቆረጠችው «ጣ»

ሁለተኛው ስህተት የጽሑፍ አንባቢዎቹ ውስጥ ነበር፤ ለእኛ አንባቢ ከመጀመሪያው ይልቅ የሚያሳዝነው ይህ ነው። አሮጌው የመስመር አንባቢ እያንዳንዱን ቁራጭ ለብቻው ወደ ጽሑፍ ይፈታ ነበር። በእንግሊዝኛ ሲሞከር ፊደሉ አንድ ባይት ስለሆነ የትም ቢቆረጥ ይተርፋል። ግዕዝ ፊደል ግን በዩቲኤፍ 8 ሦስት ባይት ነው። «ጣ» 225፣ 140፣ 163 ናት፤ «ና» 225፣ 138፣ 147። ቲሲፒ የባይት ጅረት እንጂ የመልእክት ሠረገላ ስላልሆነ መቁረጫው ፊደል መሃል ሊያርፍ ይችላል፤ ያን ጊዜ ፊደሏ ጠፍታ የጥያቄ ምልክት ያለባቸው ጥቁር ምልክቶች ይቀራሉ።

ቁጥሮቹም አይራሩም። በተለመደው ኢተርኔት አንድ የቲሲፒ ሴግመንት 1460 ባይት ይይዛል፣ የጊዜ ማኅተም ሲጨመር 1448፤ የላይብረሪው በፈር 32,768 ነው። ሦስቱም ለ3 ሲካፈሉ ቀሪያቸው 2 ነው። ቦታና አኃዝ ሳይገባበት በግዕዝ ፊደል ብቻ የተሞላ ጽሑፍ ቢሆን መጀመሪያው መቁረጫ ያለ ምንም ጥርጥር ፊደል ይሰብራል። በተረጋጋ ቀን አንድ ልኬት በአንድ ሴግመንት ስለሚገባ ምንም አይታይም። መብራት ሲመለስና የሰዓታት ልኬት በአንድ ጊዜ ሲጎርፍ ግን የጣቢያ ስሞች ይሰባበራሉ፤ የተሰባበረ ስም በዳታቤዙ ውስጥ እንደ አሥራ ሦስተኛ ጣቢያ ይመዘገባል።

መፍትሔው የጽሑፍ አንባቢዎቹን ማረም አልነበረም፤ ማስወጣት ነበር። ላይብረሪው ባይት ያመላልሳል። ጽሑፍ መፍታት የቴክስት ፓኬጅ ሥራ ነው፤ እሱ ከቁራጩ ጫፍ የተረፉትን አንድ ወይም ሁለት ባይቶች ይዞ ለቀጣዩ ቁራጭ የሚያስተላልፍ ፈቺ አለው። በርዝመት የሚለዩ መልእክቶችን የሚያወጣው «መልእክቶች» የተባለ ፈንክሽን ደግሞ ወደ ሌላ ሞጁል ሄደ፤ ሙሉውን አካል ሰብስቦ ስለሚሰጥ ጣቢያዎቹ የሚጠቀሙት እሱን ነው።

በባይት የሚያነቡት ፈንክሽኖችም ወጡ። የሚፈልጋቸው ሰው የቁራጭ ስትሪሙን ወደ ባይት ስትሪም በአንድ መስመር ይዘረዝራል። ይህ ከድሮው እኩል የሚፈጥነው ግን ኮዱ በከፍተኛው የማሻሻያ ደረጃ ኮምፓይል ሲደረግና የስትሪም ውህደቱ ሲሳካ ብቻ ነው፤ በጂኤችሲ መለማመጃ መስኮት ውስጥ የሚሞክር ሰው ዘገምተኛ ሆኖ ያገኘዋል፤ በዚያ መፍረድ የለበትም።

«ላክ» ለምን ዝርዝር ይቀበላል

አሮጌው ጸሐፊ የርዝመቱን 2 ባይት በአንድ ጥሪ፣ አካሉን በሌላ ጥሪ ይልክ ነበር። የመጀመሪያው ጥሪ ወዲያው ይወጣል። ሁለተኛውን ግን ትናንሽ ፓኬቶች እንዳይበዙ የሚከላከለው የኔግል ዘዴ የመጀመሪያው ማረጋገጫ እስኪመጣ ይዞ ያቆየዋል፤ ተቀባዩ ወገን ደግሞ ማረጋገጫውን ከሌላ መረጃ ጋር ለማጣመር ያዘገያል፤ በሊኑክስ ይህ 40 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። ሁለቱ እየተጠባበቁ ጊዜው ይባክናል። አዲሱ «ላክ» የቁራጮች ዝርዝር ተቀብሎ በኔትወርክ ፓኬጁ የብዙ ቁራጭ መላኪያ በኩል በአንድ የሲስተም ጥሪ ያወጣቸዋል። የኔግልን ዘዴ በአማራጭ ማጥፋትም ይቻል ነበር፤ ያኔ ግን ሁለት ትናንሽ ፓኬቶች ይወጣሉ፣ በሞባይል መስመር ላይ ያ ብክነት ነው።

ማቅለሉ ያስከፈለው

አዲሱ በይነገጽ ቻናሉን ለተሰጠው ሥራ ብቻ ያበድራል፤ ሥራው ሲያበቃ ሶኬቱ ይዘጋል። ስትሪም ግን እስኪፈጁት ድረስ ያልተጀመረ ነገር ነው። «ተገናኝ» ውስጥ ቁራጮቹን ሳይፈጅ ስትሪሙን እንደ ውጤት የሚመልስ ኮድ ኮምፓይል ይሆናል፤ ሲሮጥ ግን የሚያነበው የተዘጋ ሶኬት ነው። ከኔትወርክ ፓኬጅ 3 ወዲህ የተዘጋ ሶኬት ከከርነሉ የተሰጠው መለያ ቁጥር ወደ −1 ስለሚቀየር ጥሪው በስህተት ይመለሳል። ይህ ትልቅ ምሕረት ነው። ቁጥሩ እንዳለ ቢቀር ኖሮ ከርነሉ ያንኑ ቁጥር ለአዲስ ግንኙነት ሰጥቶት፣ የዘጌው አንባቢ የጎርጎራውን ልኬት ሲያነብ ይገኝ ነበር።

ማምለጡን በታይፕ መከልከል ይቻላል፦ ለቻናሉ ከሥራው ወሰን መውጣት የማይችል ስውር የታይፕ ተለዋዋጭ መስጠት፣ ልክ የኤስቲ ሞናድ እንደሚያደርገው። ተሞክሮ ተተወ። ምክንያቱ ስህተት ሲፈጠር ጂኤችሲ የሚሰጠው መልእክት የታይፕ ተለዋዋጭ ከወሰኑ ሊያመልጥ ነው የሚል በመሆኑ ነው፤ ሀስኬልን በቅርቡ የጀመረ ሰው ከዚያ መልእክት ተነሥቶ «ስትሪሙን እዚያው ፍጀው» ወደሚለው ምክር አይደርስም። ውሳኔው አከራካሪ ነው። የኮምፓይል ስህተት ቢያስፈራም ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ከሚመጣ የሩጫ ስህተት ይሻላል የሚል ክርክር ሚዛን ይደፋል ባይ አለ፤ እውነትም አለው።

ሽግግሩ በሀስኬል የስሪት ሕግ ተመራ። ያ ሕግ የወጣ ስም ከተወገደ ከስሪቱ ቁጥር ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ክፍሎች አንዱ እንዲነሣ ያዛል፤ ስም ብቻ ሲጨመር ሦስተኛው ክፍል ይበቃል። ስለዚህ አዲሶቹ ስሞች መጀመሪያ ከድሮዎቹ ጎን ገቡ፤ ድሮዎቹ «ይወገዳል» የሚል ምልክት ተለጠፈባቸው፤ ምልክቱም በምትኩ የሚጻፈውን መስመር ይናገራል። በቀጣዩ ትልቅ ስሪት ወጡ። እዚህ ላይ የተሠራ ስህተት አለ፦ የድሮዎቹ ፈንክሽኖች በአዲሱ ላይ ሲጻፉ የመጠበቂያው ልክ በውስጣቸው «ያለገደብ» ሆኖ ቀረ። ጸባያቸውን ላለመቀየር ነው የተደረገው፤ ግን ማስጠንቀቂያውን ችላ ያለ ሁሉ የሦስት ሳምንቱን ቦምብ ይዞ ቆየ።

እንዴት ይሞከራል

የሞተ ግንኙነትን በአንድ ማሽን ላይ ለመፍጠር የደንበኛውን ፕሮሰስ መግደል አይጠቅምም፤ ፕሮሰሱ ሲሞት ከርነሉ ስለ እሱ የመዝጊያ ፓኬት ይልካል። ገመዱን መንቀል ወይም በአይፒቴብልስ (በሊኑክስ የፓኬት ማጣሪያ) የዚያን ፖርት ፓኬቶች በዝምታ መጣል ያስፈልጋል፤ የሚመልሰው የእምቢታ ደንብ ሳይሆን የሚውጠው። ከዚያ በፕሮክ ማውጫ ውስጥ የፕሮሰሱን ክፍት ፋይሎች መቁጠር ነው፤ የመጠበቂያው ልክ ለሙከራ ወደ 5 ሰከንድ ወርዶ፣ ሥርዓታዊ መዝጊያውም 5 ሰከንድ ስላለው፣ ከ10 ሰከንድ ትንሽ ካለፈ በኋላ ቁጥሩ ወደ ነበረበት መመለስ አለበት። በአምስተኛው ሰከንድ ቆጥሮ «አልሠራም» ያለ ሞካሪ ነበር።

የቁራጭ ሙከራው የቀለለ ነው። «ጣና ሐይቅ» 16 ባይት ነው፤ አምስት ፊደልና አንድ ክፍት ቦታ። መቁረጥ የሚቻልባቸው 15 ቦታዎች አሉ፤ 10ሩ ፊደል መሃል ናቸው። ሙከራው በ15ቱም እየቆረጠ በሁለት ጥሪ ይልክና የተቀበለው ጽሑፍ ያው መሆኑን ያያል። የድሮው አንባቢ በ10ሩ ወድቋል፤ በ«ጣና ሐይቅ» ፈንታ እንግሊዝኛ ቃል ተቀምጦ በነበረው በአሮጌው ሙከራ ላይ ግን በሁሉም አልፎ ነበር።

ከአራቱ ውጭ አንድ መውጫ ቀርቷል፦ በውስጣዊ ሞጁል ያለው «ጥሬሶኬት»፣ ከቻናሉ ሥር ያለውን ሶኬት የሚሰጥ። ኪፕአላይቭን ባልተለመደ ልክ ለማስተካከል የሚፈልግ እዚያ ይሄዳል። የድሮ ስሞች ከወጡ በኋላ በሰርቨሩ ኮድ ውስጥ «ያለገደብ» የሚለው ቃል አንድ ቦታ ብቻ ይገኛል፤ በዚያው ማሽን ላይ ካለው ዳታቤዝ ጋር በሚያገናኘው መስመር፣ ሁለቱም ወገን በአንድ መብራት በሚጠፉበት።